የአሮጌው መጋዝ የብረት ምላስ ለምን ይወልቃል?

ከአትላንታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጋር ኩታ ገጠም የሆነችው ኮሌጅ ፓርክ ይህን ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ጎዳናዎቿ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን እየተባሉ ይጠራሉ፤ በታሪካዊው ሰፈሯ ግን የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ቤቶች ቆመዋል። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያድስ ሰው ውሎ አድሮ የጠረጴዛ መጋዝ መፈለጉ አይቀርም፤ አዲሱ ሲወደድበት ያገለገለ ይገዛል። ሞተሩ ይዞራል፣ ጥርሱም ይቆርጣል። ከዲስኩ በስተ ኋላ መቆም የነበረበት ቀጭን ብረት ግን ብዙ ጊዜ በቦታው አይገኝም።

ይህ ብረት «ራይቪንግ ናይፍ» ይባላል። ቢላ ይባል እንጂ አይቆርጥም፤ ምላስ ቢባል ይቀላል። እንጨት በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ታምቆ የቆየው ውጥረት ይለቀቅና ሁለቱ ክፋዮች ዲስኩን ከግራና ከቀኝ ሊጨብጡት ይችላሉ። የፊት ጥርሶች እንጨቱን ቁልቁል ወደ ጠረጴዛው ይጫኑታል፤ የኋላዎቹ ግን ከሥር ሽቅብ ስለሚወጡ አንሥተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ፍጥነት በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እንጨቱ ሲያመልጥ ደግሞ ይገፋው የነበረው እጅ ወደ ጥርሱ ሊጎተት ይችላል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ብቻ በጠረጴዛ መጋዝ ስለት ተነክተው በድንገተኛ ክፍል የታከሙ ጉዳቶችን 30,800 ያህል አድርጎ ገምቷል።

አደጋው ሲነሣ ሁልጊዜ የሚወቀሰው የሠራተኛው ግዴለሽነት ነው። ወቀሳው ግማሽ እውነት ነው። ምላሱ የሚወልቀው በአብዛኛው ሥራ ስለሚያደናቅፍ ነው፤ የሚያደናቅፈውም ሳይስተካከል ስለተገጠመ ነው። «ተጠንቀቅ» ከሚል ምክር ይልቅ አንድ ቀጥ ያለ ማስመሪያና አንድ ካሊፐር የበለጠ ይጠቅማሉ።

የተለመደው ስሕተት ከምላሱ መጀመር ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ይነቀላል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ዲስኩ በጠረጴዛው ላይ ከተቦረቦረው ቦይ ጋር ትይዩ መሆኑ ይረጋገጣል፦ አንድ ጥርስ ምልክት ተደርጎበት ከቦዩ ያለው ርቀት ከፊት ይለካል፣ ያው ጥርስ ወደ ኋላ ዞሮ እንደገና ይለካል። እንጨቱ ተደግፎ የሚሄድበት መምሪያም ከዚያው ቦይ ጋር ይስተካከላል። የምላሱ ተራ ከዚህ በኋላ ነው። ዲስኩ ራሱ ጠማማ ሆኖ ሳለ ምላሱን ከእርሱ ጋር ማስተካከል ስሕተቱን ማጽናት ነው።

ውፍረቱ ሌላው ጉዳይ ነው። ምላሱ ከዲስኩ አካል መወፈር፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ግን መቅጠን አለበት። የተለመደው ጥርስ 3.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከፍታል፤ ቀጭን የሚባለው 2.4 ያህል ብቻ ነው። ለወፍራሙ የተሠራ 2.5 ሚሊ ሜትር ምላስ ባለበት መጋዝ ላይ ቀጭን ዲስክ ሲገጠም እንጨቱ ምላሱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሰውየው ይበሳጫል፤ ምላሱን ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። የጥፋቱ ምንጭ የዲስኩ ምርጫ ነበር። ከጥርሱ ያለው ክፍተትም ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ቁመቱም ከዲስኩ ጫፍ በጥቂቱ ቢያንስ ተገቢ ነው።

እውነተኛው ምላስ ከዲስኩ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በአሜሪካ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ መስፈርት የሆነው ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠሩት ብዙዎቹ ላይ ማሰሪያው እንኳ የለም። በእነዚህ ላይ በብየዳ ምላስ መቀጠል አይመከርም፤ ዲስኩ ዝቅ ሲል ክፍተቱ ይዛባልና። ለእነርሱ የሚሻለው ለሞዴሉ የተሠራ ቋሚ መለያ ነው። የሚገርመው፣ በአገር ቤት ከማዕዘን ብረትና ከሞተር ተበይዶ የሚሠራው፣ ዲስኩ ከፍ ዝቅ የማይለው የመጋዝ ጠረጴዛ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ክፍተቱ ስለማይለዋወጥ በሁለት ብሎን የታሰረ፣ በልክ የተሞረደ ብረት ይበቃዋል።