«ዛሬ ምን አየህ?»

ልጆች! ከሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ከአሌክሳንድሪያ በሰመር ለምርምር ላቦራቶሪ የምትገቡ፣ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ሥራ ዕቃ ማጠብ፣ መለካትና ያያችሁትን ደብተር ላይ መጻፍ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ለዚህ ነው!

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ከአጣቢዎቹ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ሌላው ዓይቶ ያለፈውን እሳቸው «ለምን?» ብለው ያዙት፤ ከዚያ በኋላ የብዙ ዓመት ሙከራ ተከተለ።

ወላጆችም፣ እባካችሁ ልጃችሁን ማታ ማታ «ምን አገኘህ?» አትበሉት። ሙከራ ብዙ ቀን ይበላሻል። «ዛሬ ምን አየህ?» በሉት። የተበላሸውንም ሳይደብቅ ከጻፈ ሥራውን ሠርቷል። ማመልከቻ ግን ብዙ ጊዜ ብርዱ ሳይወጣ ስለሚዘጋ፣ ከአሁኑ አብራችሁ ፈልጉ።