እጃችን ከየት ይጀምር?

ዛሬ አስተያየቴን የምሰጠው ስለ እጅ ጽሑፍ ነው። ከመካከላችን «ጽሑፍህ አይነበብም» ወይም «ጽሑፍሽ አይነበብም» ያልተባለ ጥቂት ስለሆነ ነገሩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ቻይናውያን ሲጽፉ እጅ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ሕግ አላቸው። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። «ዐሥር» የሚለው ምልክታቸው የሒሳብ መደመር ምልክት ይመስላል፤ መጀመሪያ አግድሙ፣ ቀጥሎ ቁሙ ይሰመራል። «አገር» የሚለው ደግሞ ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑ የታችኛው መስመር የሚዘጋው ውስጡ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ቤት ከገባ በኋላ በሩን እንደሚዘጋው ማለት ነው። ልጆቻቸው ይህን ከትንሽነታቸው ጀምረው ባለ ካሬ ደብተር ላይ ይለማመዱታል።

«ታዲያ እኛ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ጥቅሙ የሚታየው በፍጥነት ሲጻፍ ነው። ስንቸኩል መስመሮች እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሁሉም ሰው በአንድ ቅደም ተከተል ከጻፈ የሚያያዙትም ተመሳሳይ ቦታ ላይ ስለሆነ አንባቢ ይለየዋል። እያንዳንዱ በገዛ መንገዱ ከጻፈ ግን ጽሑፉን የሚያነበው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። በክፍላችን አምስት ልጆችን «መ» ጻፉልኝ አልኳቸው። አንዱ ከግራው ክብ ጀመረ፣ አንዷ ከቀኙ፣ አንዱ እጁን ሳያነሳ እንደ ስምንት ቁጥር አዞረው። አንድ ፊደል ነው እኮ! የፊደላችን ልዩነት ደግሞ ትንንሽ ነገር ላይ ነው። «ባ» ግራ እግሩ አጭር ነው፣ «ቦ» ቀኝ እግሩ። ሁለቱን ካምታታን «ቦታ» «ባታ» ይሆናል፤ «ዞር በል» ያልነውም «ዛር በል» ተብሎ ይነበባል። የ«ቤ» ቀለበት ከጠፋ «ቤት» «ቢት» ነው። አናቱ ላይ ያለው ሰረዝ ከተረሳ «ሸ» ወደ «ሰ»፣ «ቸ» ወደ «ተ»፣ የትግርኛው «ቐ» ወደ «ቀ» ይመለሳል።

ይህ የስንፍና ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። የእኛ ዕድሜ ልጆች ገና ፊደል እየቆጠርን ሳለ በ2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወደ ክፍል የተመለስነው በ2015 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ከእናት፣ ከእህት ወይም ከአሮጌ መጽሐፍ እያየን ነው የጻፍነው። የፊደሉን መልክ ገልብጠናል፤ እጅ እንዴት እንደሚሄድ ግን ያሳየን የለም። ስለዚህ «በደንብ ጻፉ» ማለት ብቻ አይበቃም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «አሁን ስልክ አለ፣ ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። ፈተና ግን በስልክ አይጻፍም። ይህ መጽሔትም በእጅ ነው የሚጻፈው። ደግሞ ክልላችን የጽሑፍ አገር ነው። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ከ1,300 ዓመት በላይ የቆየ የብራና ወንጌል አለ፤ ፊደሉ ዛሬም ይነበባል። የብራና ጸሐፊዎች መጀመሪያ ብራናውን በወስፌ ምልክት አድርገው ያሰምሩታል፣ ከዚያ ነው በመቃ ብዕር የሚጽፉት። ሥራቸው ሥርዓት አለው።

ስለዚህ ሦስት ሕግ ብንይዝ ይበቃናል እላለሁ። አንደኛ፣ ከግራ ጀምሮ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች። ግራው እግር ከቀደመ ቀኙ ይርዘም ወይ ይጠር ለእጃችን ግልጽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የፊደሉ አካል፣ ቀጥሎ የካዕብ፣ የሣልስ ወይም የኃምስ ምልክቱ። ሦስተኛ፣ የአናት ሰረዝ በመጨረሻ፣ ግን ወደሚቀጥለው ፊደል ሳናልፍ። ትግርኛም አማርኛም በአንድ ፊደል ስለምንጽፍ ሕጉ ለሁለቱም ይሠራል።

መምህራኖቻችን አንደኛ ክፍል ሲያስተምሩ ፊደሉን ጽፈው ብቻ ሳይሆን ሲጽፉት ልጆቹ እጃቸውን እንዲያዩ ቢያደርጉ ጥሩ ነው። እኛ ትልልቆቹም አልረፈደብንም። ክበባችን በየእትሙ አንድ ፊደል ከነሰባት ቤቱ፣ እጅ የሚሄድበትን ቁጥር እየጻፈ ቢያወጣ ደስ ይለኛል። በ«መ» እንጀምር።

ከ7ኛ ክፍል