ውርጩ ሳይመጣ



ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስንወጣ ዓይናችን የሚያርፈው በባሕር ዛፉና በጽዱ ላይ ነው። በእርጥብ ድንጋይና በግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፈውን፣ ሳይንቲስቶች «ሞስ» የሚሉትን ትንሽ አረንጓዴ ተክል ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ሰሎሞን ግን ስለ ትልልቅ ዛፎች ብቻ ሳይሆን ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ትንሽ ተክልም እንደ ተናገረ በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 እናነባለን።

ሞስ እንደ ዛፍ ሥር የለውም። ውኃ የሚጠጣው በቅጠሉ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲወርድ የሚከልለው ወፍራም ልጥ የለውም። ታዲያ እንዴት ይተርፋል?

ተመራማሪዎች መልሱን የፈለጉት «ፊስኮሚትሬላ» በሚባል የሞስ ዓይነት ላይ ነው። የዚህ ሞስ ሙሉ የዘር መረጃ በ2008 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሞሱ አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ቀለል ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲቆይ በረዶን የመቋቋም ኃይሉ እንደሚጨምር አሳዩ። ከሙቀት በቀጥታ ወደ በረዶ የገባው ግን በቀላሉ ይጎዳል።

በእነዚያ ቀናት ጂኑ አልተለወጠም። ጸጥ ብለው የነበሩ ጂኖች ሥራ ጀመሩ እንጂ። ሴሉን የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ይሠራሉ፤ ስኳርም ይከማቻል። በረዶ ከሴሉ ውጪ ሲሠራ ከውስጥ ውኃ ስለሚመጥጥ፣ ይህ ስንቅ ሴሉን ከጥፋት ያድነዋል። ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ሞሱ ያን ዝግጅት ይተወዋል።

ባልና ሚስት ሆይ፣ ትዳር በአብዛኛው የሚቀዘቅዘው በአንድ ሌሊት አይደለም። መጀመሪያ ሰላምታው ያጥራል፤ ቀጥሎ አብሮ መጸለይ ይቀራል፤ ከዚያ ስለ ገንዘብና ስለ ዘመድ መነጋገር ያስፈራል። ይህ ቀላሉ ቅዝቃዜ ነው። ስንቅ የሚያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁጣን ስለ መተው ኤፌሶን 4 የሚመክረን ለዚህ ነው። ትንሿን ቅሬታ በትንሽነቷ የተነጋገሩባት ባልና ሚስት፣ ሥራ ሲጠፋ ወይም ሕመም ሲገባ እንዴት መነጋገር እንዳለባቸው ያውቃሉ።

ከታረቃችሁ በኋላም ሞሱን አስቡ። ሙቀቱ ተመልሶ ሳለ የአምናውን ጋሻ አንግቦ መኖር ቤቱን ዳግመኛ ያቀዘቅዘዋል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንበል። መጽናት ማለት ዱላን መታገሥ ማለት አይደለም። በቤቷ የምትደበደብ እህት «ቻዪ» ልትባል አይገባም። ጥበቃና እርዳታ ያስፈልጋታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ከጎኗ ልትቆም ይገባል።

ለሌሎቻችን የዛሬ ማታ ጥያቄ ይህ ነው፦ በቤታችን ገና ቀላል ሳለ ልንነጋገርበት የሚገባን ቅዝቃዜ የትኛው ነው? ተጠያየቁ፤ ከዚያም አብራችሁ ጸልዩ።

ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።