ቁልፉን ጎተራው ውስጥ የቆለፈ ሰው

ዛሬ ስለ ትዳርም ስለ ጤናም አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ኮምፒውተር ነው። «እሱማ የቴክኒሻን ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ፤ ነገሩ የሰው እንጀራ ያለበት ነው።

ባለፈው ታኅሣሥ ለዘመድ ተዝካር ማክሰኝት ሄጄ ነበር። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችውን ከተማ የማያውቃት የለም። እዚያ ስደርስ ሁሌ ማመልከቻ የማስጽፍባት የአንዲት እናት የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተዘግቷል። በሥራ ቀን!

«ምነው እታለም፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አልኳት ቤቷ ሄጄ።

«ተወኝ ጋሼ፣ ኮምፒውተሯ ሞታብኝ አሥራ አንድ ቀኔ ነው» አለችኝ። መብራት ሄድ መጣ፣ ሄድ መጣ ሲል አምሽቶ፣ ጠዋት ብትከፍተው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ! ስልክ የሚጠግን የሰፈር ልጅ ከፍቶ አይቶ «ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል» አለና፣ መጠኑ ከድሮው የማያንስ ያገለገለ ዲስክ ገጠመላት። ባዶ ዲስክ ግን ምን ያደርጋል? ዊንዶውስ የለው፣ ፋይል የለው። ጎንደር ወስዳ እንዳታሠራ ሰሞኑን መንገዱ አስተማማኝ አልነበረም። ከኢንተርኔት እንዳታወርድ ብዙ ጊጋባይት ነው። ለዚያውም ኔትወርኩ የሚሠራ ከሆነ ነው! በክልላችን ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር መቼም አልረሳችሁትም።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ ዝንጉ አልነበረችም! መስከረም ላይ አንድ ልጅ የኮምፒውተሯን ሙሉ ቅጂ፣ ማለትም ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሙን፣ ፋይሉን ሁሉ አንድ ላይ፣ ውጭ በሚሰካ ሃርድ ዲስክ አስቀምጦላታል። እሷም በነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። አውጥታ ስታሳየኝ እንባዋ መጣ። «እህሉ ይኸው፤ ግን ማን ይክፈትልኝ?» አለች።

ልብ በሉ፤ የዛሬው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ቅጂው ብቻውን ኮምፒውተር አያስነሳም። የሞተውን ማሽን ቀስቅሶ «ቅጂውን ከዚህ አንብብ፣ እዚያ መልስ» የሚለው ማስነሻ ፍላሽ ያስፈልጋል። እሱን የሚሠራው ፕሮግራም ደግሞ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የጎተራውን ቁልፍ ጎተራው ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ገበሬ ማለት ነው።

የጎንደር ሰው መቼም የቅጂን ነገር ያውቃል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ጋር ስንት መጽሐፍ ጠፋ! በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነስተው ቅጂያቸው አዲስ አበባም፣ አሜሪካ ሚኒሶታም ተቀመጠ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ማይክሮፊልም በባዶ ዓይን ይነበባል? አይነበብም፤ ማንበቢያ መሣሪያ ይፈልጋል። ቅጂ ያለ ማንበቢያ ጥቁር ጥቅልል ነው።

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። አንድ ጎረቤት መምህር ላፕቶፕ አለው፤ ዊንዶውሱም ከእሷ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለመንነው። እሱ ላፕቶፕ ላይ ማስነሻ ፍላሽ ሠራን፤ በደቂቃዎች አለቀ። ፍላሹንና ሃርድ ዲስኳን ኮምፒውተሯ ላይ ሰክተን፣ ሲነሳ ኤፍ 12ን ደጋግመን ተጭነን ፍላሹን መረጥን። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪ»። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የመስከረሙ ኮምፒውተር ከነምስሉ ከነፊደሉ ብቅ አለ። እልል አለች!

እናንተስ? ማሽናችሁ ጤነኛ እያለ ዛሬውኑ ይህን አድርጉ።

አንደኛ፣ ከ16 ጊጋባይት የማያንስ ፍላሽ ግዙ፤ ለኋላ ደግሞ 32 ቢሆን ይሻላል። ላዩ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሠርግ ፎቶ ያለበትን እንዳትሰኩ! ዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሪከቨሪ ድራይቭ» ብላችሁ ጻፉና የሚላችሁን ተከተሉ። ይህ ፍላሽ የእናንተን ፋይል አይይዝም፤ እሱ ቁልፍ ነው እንጂ እህል አይደለም።

ሁለተኛ፣ እህሉን ለብቻ አስቀምጡ። «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር» በሚለው ሙሉ ቅጂውን በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያዙ።

ሦስተኛ፣ ሞክሩት። ፍላሹን ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን አስነሱ፤ ሰማያዊው ገጽ ከመጣ ምንም ሳትነኩ አጥፉት። ማስነሻ ቁልፉ እንደ ማሽኑ ይለያያል፤ በብዙ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ 12፣ በብዙ ኤችፒ ኤፍ 9 ነው። የእናንተን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍላሹ ላይ ለጥፉ።

አራተኛ፣ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ። ቢትሎከር ይባላል፤ መክፈቻው 48 አሃዝ ነው። እሱንም ወረቀት ላይ ገልብጡ።

አምስተኛ፣ ፍላሹን በዓመት አንዴ አድሱ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አታኑሩት። ሌባም እሳትም አብሮ ነው የሚወስደው።

እኔ ይህን ሁሉ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት ኮምፒውተሬ ሲበላሽብኝ «ፎርማት ይደረግ» ሲሉኝ ዝም ብዬ «ይሁን» አልኩ። የእናቴ ድምፅ ያለበት ቅጂ አብሮ ሄደ። ወይ ነዶ!

የማክሰኝቷም ደስታ ሙሉ አልነበረም። ቅጂው የመስከረም ነዋ! ከዚያ ወዲህ የሠራችው የለም። የእድሩን ዝርዝር ከወረቀት መልሳ ጻፈችው። ኅዳር ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ለመታወቂያ ተነስተው ነበር፤ በሳምንታቸው አረፉ። ልጆቻቸው ፎቶው ጎልቶ እንዲታጠብላቸው እየተመላለሱ ይጠይቋታል።

«ምን ልበላቸው ጋሼ?» አለችኝ።

የሞተውን ዲስክ እንዳትጥይ፣ ማንም እንዳይነካካብሽ፣ መንገዱ ሲደላ ባለሙያ ያየዋል አልኳት። እሱንም በነጠላ ጠቅልላ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው። ፍላሹን ግን እናቷ ቤት ወሰደችው። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳትቀዳ ሱቋን አትዘጋም።

በሉ፣ ሳምንት ያገናኘን!