ሰማያዊዋን ክኒን ከመዋጥህ በፊት ግፊትህን ተለካ

በኢንቦክስ ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ቪያግራ ብወስድ ችግር አለው?» ብዙዎቹ ጠያቂዎች መልሴን ሳይጠብቁ ከሰፈራቸው ራቅ ካለ ፋርማሲ ገዝተው ጀምረዋል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ «ግፊትህን ለመጨረሻ ጊዜ የተለካኸው መቼ ነው?» አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም።

ወንድሜ፣ ነገር ለማዞር አይደለም። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ናቸው። ለምን? ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ።

ናይትሮግሊሰሪን ድማሚት የሚሠራበት ፈንጂ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ግን ከልብ ለሚመጣ የደረት ሕመም መድኃኒትም ነው። የድማሚት ፈጣሪው አልፍሬድ ኖቤል ራሱ በመጨረሻ ዘመኑ ልቡን ሲታመም ሐኪሞቹ ያዘዙለት ይህንኑ ነበር! እንዴት እንደሚሠራ ግን ለ100 ዓመት ገደማ ማንም አላወቀም።

በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፌሪድ ሙራድ መድኃኒቱ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እንደሚለቅ፣ ጋዙም የደም ስርን ጡንቻ እንደሚያላላ አሳየ። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት ደግሞ የደም ስር ውስጠኛ ሽፋን ከተፋቀ፣ ደም ስሩ «ላላ» የሚለውን ትእዛዝ እንደማይሰማ ደረሰበት። ሽፋኑ የሆነ መልእክት ይልካል ማለት ነው። መልእክቱ ምንድን ነው? በ1986 ፈርችጎትና ሉዊስ ኢግናሮ፣ ለየብቻ ሠርተው፣ ያው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው አሉ። ሰውነታችን ራሱ ጋዙን ይሠራል! ሦስቱ ሰዎች በ1998 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ።

ብልት የሚቆመውም በዚሁ ጋዝ ነው። ጋዙ በጡንቻው ውስጥ ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የሚባል ኬሚካል ያበዛል፤ ደም ስር ይሰፋል፣ ደም ይሞላል። ቪያግራ የሚሠራው ይህ ኬሚካል ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ነው። ጋዙን አይፈጥርም፤ የተጎዳውን ሽፋንም አይጠግንም።

ዋናው ነጥቤ እዚህ ጋ ነው። ሽፋኑን የሚጎዳው ማነው? ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ። የብልት ደም ስሮች ከልብ ደም ስሮች ይቀጥናሉ፤ ስለዚህ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው እነሱ ላይ ነው፤ አንዳንዴ የልብ ሕመም ከመታየቱ ዓመታት ቀድሞ። ስንፈተ ወሲብ ሁሉ የልብ ችግር ነው አላልኩም፤ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል፤ በተለይ ወጣቶች ላይ። ግን ሳይመረመሩ ማን ያውቃል? ክኒኗን ብቻ ውጦ ዝም ማለት የሚጮኽ ደወልን ባትሪውን አውጥቶ እንደ መተኛት ነው።

ሌላም አደጋ አለ። ለደረት ሕመም ናይትሮግሊሰሪን ወይም አይሶሶርባይድ የሚወስድ ሰው ቪያግራ ፈጽሞ መውሰድ የለበትም። አንዱ ጋዙን ይጨምራል፣ ሌላው የጋዙን ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፤ ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ቪያግራ ወስደህ ደረትህን ካመመህ ቶሎ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂድ፤ ለሐኪሙም ምን እንደወሰድክና መቼ እንደወሰድክ ሳታፍር ንገረው። ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ታዳላፊል ከሆነ ደግሞ ለ48 ሰዓት ናይትሮግሊሰሪን ሊሰጥህ አይገባም።

ክኒኗ መጥፎ ናት አላልኩም። ለሚገባው ሰው በትክክል ከታዘዘች ትዳር የምታድን ጥሩ መድኃኒት ናት። የምቃወመው በድብቅ መዋጡን ነው። ማፈሩም ይገባኛል፤ እኛ ሐኪሞችም ቀድመን ስለማንጠይቅ ጥፋቱ የእኛም ነው። ፋርማሲስት ወዳጆቼ፣ እናንተም ያለ ማዘዣ ከመስጠት ይልቅ «የልብ መድኃኒት ትወስዳለህ?» ብላችሁ ጠይቁና ወደ ሐኪም ላኩት።

ስለዚህ፦
✅ ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ፣ ኮሌስትሮልህን ተመርመር
✅ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ለሐኪምህ ንገር
✅ የግፊት መድኃኒቱ ነው ብለህ ከጠረጠርክ በራስህ አታቁም፤ ሊቀየርልህ ይችላል
✅ ሲጋራ አቁም፣ በእግርህ ሂድ

እህቶች፣ ባለቤታችሁ ዝም ካለ «አብረን እንመርመር» በሉት። ሼር ለማድረግ የሚያፍር ካለ በኢንቦክስ ለአንድ ወዳጁ ይላክለት። ጤና ይስጥልን!