ከሁሉ አስቀድሞ ምድጃው

ገቢው ጥቂት፣ ችግሩ ብዙ የሆነ ቤተሰብ ከፍላጎቶቹ መካከል የትኛውን ማስቀደም እንዳለበት አመዛዝኖ ይወስናል። አገርም እንዲሁ ነው። በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የምድርን ሙቀት የሚያባብሱትን ጋዞች ለመቀነስ ብዙ ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። ደን መትከል፣ ግድብ መሥራት፣ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባትና የከብት እርባታን ማሻሻል ከእነዚህ ተግባሮች መካከል ይገኙበታል። ይሁን እንጂ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ለመፈጸም አቅም አይፈቅድም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «ምን እንሥራ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «የትኛውን እናስቀድም?» የሚለው ነው።

በእኔ አስተያየት አንድ ተግባር ቅድሚያ የሚገባው ሦስት ነገሮችን ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ጋዙ በብዛት የሚወጣበትን ምንጭ የሚነካ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ወጪው ከአገሪቱ አቅም ጋር መመጣጠን ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ የአየር ንብረት ለውጥ የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ ለሕዝቡ ኑሮ የሚጠቅም መሆን ይገባዋል።

ለዚህም አገራችን ኢትዮጵያ ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስልት ሲዘጋጅ 150 ያህል ተግባሮች ከተመረመሩ በኋላ ከ60 የሚበልጡት ተመርጠዋል። በጥናቱ መሠረት አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የለቀቀችው ጋዝ፣ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ልክ ሲሰላ፣ 150 ሚሊዮን ቶን ያህል ነበር። ከዚህም ውስጥ ከ85 በመቶ በላይ የሆነው የመነጨው ከእርሻ፣ ከከብት እርባታና ከደን መመናመን ሲሆን፣ የመጓጓዣው ድርሻ 3 በመቶ ብቻ ነበር። ከተመረጡት ተግባሮች ውስጥም አራቱ በፍጥነት እንዲጀመሩ ታስቦ ነበር፤ እነርሱም የውኃ ኃይል ልማት፣ የከብት እርባታ መሻሻል፣ የደን ጥበቃና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ናቸው።

ከአራቱ መካከል ከሁሉ አስቀድሞ ልንይዘው የሚገባን ምድጃውን ነው እላለሁ። ደን ከሚተካው በላይ በተቆረጠ መጠን በዛፎቹ ውስጥ ተከማችቶ የነበረው ካርቦን ወደ አየር ይወጣል። በገጠር ቤቶች ደግሞ ማገዶን በብዛት የሚፈጀው የእንጀራ መጋገሪያው እሳት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ የሚነደው እሳት ነበልባሉ ወደ ጎን ስለሚበተን አብዛኛው ሙቀት በከንቱ ይጠፋል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው ምድጃ ግን እሳቱን ከምጣዱ ሥር አፍኖ ስለሚይዝ ማገዶውን በግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። እርሱን ለመሥራትም ከባሕር ማዶ የሚመጣ መሣሪያ አያስፈልግም።

ጥቅሙ በዚህ ብቻ አያበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በምግብ ማብሰያ ጢስ በተበከለ የቤት ውስጥ አየር ሳቢያ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። የማገዶው ፍጆታ ሲቀንስ ጢሱ ይቀንሳል፤ እንጨት ፍለጋ ይባክን የነበረው የእናቶችና የልጃገረዶች ጊዜም ለትምህርትና ለሌላ ሥራ ይውላል።

አንዳንድ ሰዎች «ከባቢ አየሩን የበከሉት የበለጸጉ አገሮች ሆነው ሳለ እኛ ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ዓለም ከሚለቀው ጋዝ የኢትዮጵያ ድርሻ ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። የበለጸጉትም አገሮች የሚበልጠውን ሸክም ሊሸከሙ ይገባቸዋል። ነገር ግን ምድጃውን የምንሠራው ለእነርሱ ብለን አይደለም። የሚተርፈው ደን የእኛ ነው፤ ከጢስ የሚድነውም የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ ነው።

ሌሎች ደግሞ ኤሌክትሪክ እስኪመጣ መጠበቅ ይሻላል ይላሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ቢገባ በእርግጥ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሆኖም መስመሩ ገና ያልደረሰባቸው የገጠር ቤቶች ብዙዎች ናቸው። እስከዚያው ድረስ ደኑም ሆነ የእናቶች ጤና ሊጠብቅ አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ምድጃን ማደል ብቻውን በቂ አይደለም። የተሰነጠቀ ምድጃ ካልተጠገነ ባለቤቲቱ ወደ ጉልቻዋ መመለሷ አይቀርም። በመሆኑም የሥራው ውጤት መለካት ያለበት በታደሉት ምድጃዎች ብዛት ሳይሆን፣ ዕለት ዕለት በሚጋገርባቸው ምድጃዎች ቁጥር ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው፤ አንዱን ድንጋይ በሌላ ድንጋይ መተካት የሚያመጣው ለውጥ የለም። ጉልቻውን በተሻለ ምድጃ መተካት ግን ደን ያድናል፤ ጤናም ይጠብቃል። ስለሆነም የአገር ዕቅድ አውጪዎች ዓይናቸውን ወደ ታላላቅ ሥራዎች ከማንሳታቸው በፊት በየጎጆው ውስጥ የሚነደውን እሳት ቢመለከቱ መልካም ነው።