ሳያዩ መቀባት

ሐምሌ 7 ቀን፣ በሥላሴ በዓል፣ ከአራት ኪሎ እስከ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በር ያለው መንገድ በነጠላ ይሞላል። በአጥሩ ሥር ነዳያን ተርታ ይዘው ይቀመጣሉ። በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ዓይኑን ዝቅ ካደረገ የአገራችንን የቆዳ በሽታዎች ባንድ ቦታ ያያቸዋል፦ በጣቶቹ መሐል እከክ የወረረው ሕፃን፣ ችፌ ክንዷን ያሻከረው ወጣት፣ በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ሲያርስ ኖሮ እግሩ ያበጠበት አዛውንት። ሳንቲም እንመጸውታለን፣ እናልፋለን።

የሚያሳስበኝ ግን የነዳያኑ ነገር ብቻ አይደለም። ያው እከክ፣ ያው ጭርት፣ ያው ችፌ በየቤታችን አለ። እኛ በሻሽና በእጅጌ እንሸፍነዋለን፤ ሲብስብን ጎራ የምንለው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ፋርማሲ ነው።

ባለፈው ወደ ፒያሳ ስወጣ አንድ ፋርማሲ ገብቼ ወረፋ ያዝኩ። ከፊቴ የነበረችው እናት የልጇን ኮፍያ አውልቃ ጭንቅላቱን አሳየች። ፀጉሩ ሁለት ቦታ ላይ በክቡ ተመልጧል። የተመለጠው ቦታ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ፀጉሩ ከሥሩ የተሰበረበት ደግሞ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ቀርቷል። ከባንኮኒው ጀርባ ያለው ሻጭ በሩቁ አየት አደረገና አንድ ቱቦ ከመደርደሪያው አወረደ። «እኅቴ፣ ጠዋትና ማታ ቀቢው፤ ይተወዋል» አላት። ከፍላ ወጣች።

ተራዬ ሲደርስ ያንኑ ዓይነት ቱቦ አሳየኝ ብዬ የተጻፈበትን አነበብኩ፦ ቤታሜታዞን፣ ጀንታማይሲን፣ ክሎትሪማዞል። አንዱ ስቴሮይድ፣ አንዱ አንቲባዮቲክ፣ አንዱ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ምን በሽታ እንደሆነ ላላወቀ ሰው ይህ ድብልቅ ምቹ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ይመታዋል ተብሎ ይሰጣል። የልጁ ዓይነት የራስ ጭርት ግን በዚህ አይድንም። ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥና የፀጉሩ ሥር ስለሚኖር ቅባት አይደርስበትም። መድኃኒቱ የሚዋጥ ነው፤ ግሪሲኦፉልቪን ከሆነ በልጁ ክብደት ተለክቶ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት መወሰድ አለበት፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይሠራል። እኅት ወንድሞቹም መታየት አለባቸው፤ ማበጠሪያና ፎጣም መለየት አለበት።

ድብልቁ ቅባት ባያድን ግድ ባልነበረ፤ ግን ይጎዳል። ስቴሮይዱ ማሳከኩን ለጥቂት ቀን ያበርደዋል፤ እናት ልጄ ዳነ ትላለች። ከሥር ግን የቆዳው መከላከያ ስለተዳከመ ፈንገሱ እየሰፋ ይሄዳል። ጭርትን ከሌላው የሚለየው ክብ ጠርዝ ይደበዝዛል፣ መልኩ ሌላ በሽታ ይመስላል። ከወራት በኋላ የሚያየው ሐኪም የሚያገኘው በመድኃኒት የተሸፈነ በሽታ ነው። ይኸው ስቴሮይድ ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል እየተባለ በልጃገረዶችና በእናቶች ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ደግሞ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ሲተውት ፊት ይቃጠላል፤ ስለዚህ ተመልሰው ይገዙታል። እዚህ ላይ እኛም ገዢዎቹ ተጠያቂዎች ነን፤ ጎረቤት የተቀባችውን ቱቦ ባዶውን ይዘን ሄደን «እንዲህ ያለ አለ?» የምንለው እኛው ነን።

የቆዳ ምርመራ እኮ ከብዙ ሕክምና ይልቅ ለድሃ አገር የሚመች ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥሩ ብርሃን፣ ልብስ አስወልቆ ማየትና አራት ጥያቄ ነው፦ መቼ ጀመረ? ሌሊት ይብሳል? ቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው አለ? እስካሁን ምን ቀባህበት? ፈንገስ ከተጠረጠረ ቅርፊቱ በምላጭ ጠርዝ ተፍቆ ብርጭቆ ላይ ይደረጋል፤ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበትና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቲቢ የሚመረምር አብዛኛው ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ አለው።

እርግጥ ማየትም ትምህርት ይጠይቃል። ሐኪሞቻችን ሲማሩባቸው የኖሩት መጻሕፍት ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው፤ «ቀላ ያለ ሽፍታ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ያው ሽፍታ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ ሆኖ ነው የሚወጣው። በለንደን የሕክምና ተማሪ የነበረው ዚምባብዌያዊ ማሎን ሙክዌንዴ ይህን ጉድለት አይቶ በ2012 ዓ.ም. ከመምህራኑ ጋር በጥቁር ቆዳ ላይ ምልክቶችን የሚያሳይ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። እኛ ዘንድ ደግሞ በየዕለቱ በመቶዎች የሚቆጠር ጥቁር ቆዳ የሚያይ፣ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል አለ፤ የእርሱ ልምድ በሥዕል ተደግፎ በየጤና ጣቢያው ነርስ እጅ ቢገባ ምንኛ በጠቀመ።

እከክን ብንወስድ፣ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ አማራ ክልልን ያጥለቀለቀውን ወረርሽኝ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው በታየበት ምርመራ ከሦስት ሰው አንዱ ያህል እከክ ተገኝቶበት ነበር። ውኃ ሲጠፋና ሰው በጠባብ ቤት ሲታጨቅ የሚመጣ በሽታ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣላት አዲስ አበባም ከዚህ ነፃ አይደለችም። መድኃኒቱ ውድ አይደለም፤ ነርሶች ቢ ቢ ኤል የሚሉት ፈሳሽ፣ ፐርሜትሪን፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር የዲን ቅባት አለ። የሚሳነን አጠቃቀሙ ነው። የሚያሳክከው ልጅ ብቻ፣ ያውም እጁ ላይ ብቻ ይቀባል። መደረግ ያለበት ቤተሰቡ በሙሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ምሽት ከአንገት በታች መላ ሰውነቱን ተቀብቶ ማደር ነው፤ ከሳምንት በኋላም ይደገማል። አንሶላና የውስጥ ልብስ በፈላ ውኃ ይታጠባል፤ የማይታጠበው በፌስታል ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆያል። ማሳከኩ እከክ የሚያመጣው ተባይ ከሞተም በኋላ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። ይህ ስለማይነገረን መድኃኒቱ አልሠራም ብለን እንጥለዋለን። እየታከከ የቆሰለ ቆዳ ጀርም ሲገባበት የልጅን ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ከሥጋ ደዌ ጋር ሲሆን ነው። ጠፋ የምንለው በሽታ አልጠፋም፤ በአገራችን በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚ ይገኛል። ሲጀምር ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ፣ የማያምና የማያሳክክ ምልክት ነው። በባንኮኒ ላይ ቋቁቻ ተብሎ ቅባት ይሸጥለታል። ቋቁቻን ከሥጋ ደዌ ለመለየት አንዱ ዋና ዘዴ ዓይን አስጨፍኖ ቦታውን በጥጥ ጫፍ መንካትና ይሰማ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ካልተሰማ በፍጥነት ወደ ሐኪም ነው። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ እንደ ደረጃው በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይፈውሳል። ቅባት ሲሞካከር ያለፈው ዓመት ግን የነርቭ ጉዳት ያስከትላል፤ የታጠፈ ጣትና የማይከደን ዓይን መድኃኒቱ አይመልሰውም።

ዛሬ ከሥላሴ አካባቢ እከክ ወይም ጭርት ያለበት ሰው ባንኮኒው ሲሰለቸው ከተማውን አቋርጦ ዘነበወርቅ ይወርዳል። በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተመሠረተው አለርት በወረዳ መዳን በሚችል እከክ ሊጨናነቅ አይገባውም ነበር። የቆዳ ሐኪሞቻችን ለሕዝቡ ቁጥር እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እነርሱ ለከባዱ፣ ለቁንጭሩና ለካንሰሩ ጊዜ ይኑራቸው። ለቀላሉ በየጤና ጣቢያው ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ነርስ ይመደብ፤ ግሪሲኦፉልቪንና ቢ ቢ ኤል ከመደርደሪያው አይጥፉ። ፋርማሲስቱም ማዘዣ ይጠይቅ፤ ማዘዣ የሌለውን ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይምራ። የቁጥጥር ባለሙያዎች ደግሞ ፋርማሲ ሲገቡ የመድኃኒቱን የማለፊያ ቀን ብቻ አይተው አይውጡ፤ ቤታሜታዞን ያለበት ቱቦ በወሩ ስንት እንደተሸጠና ለስንቱ ማዘዣ እንዳለ መዝገቡን አገላብጠው ይጠይቁ።